ቀድሞ የተነከረው ፊልም

ቤቴ የገባ እንግዳ ሁሉ ተረጋግቶ ሳይቀመጥ ስለ ጊደሯ ይጠይቀኛል። ግድግዳዬ ላይ የልጆቼ የምርቃት ፎቶ አለ፤ የኔና የባለቤቴ የሠርግ ፎቶ አለ፤ በመካከላቸው ደግሞ በጥቁርና ነጭ የተነሣች አንዲት ቡሬ ጊደር አለች፤ አንገቷን አቅፋ የቆመችው እናቴ ናት። ስለ እናቴ የሚጠይቀኝ የለም። «ይቺ ላም ምንድን ናት?» ይሉኛል። ላም አይደለችም፣ ጊደር ናት እላለሁ። ያልወለደችን ከወለደችው መለየት የሚያቅተው ሰው እዚህ ፎገራ መካከል መብዛቱ ያበሽቀኛል፤ ግን ምን ይደረግ፣ ከብቱ ተመናምኖ ሜዳው ሁሉ ሩዝ ሆኗል።

ሰሞኑን ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና «አባዬ፣ ያንተ ዓይነት ሰዎች አሁንም አሉልህ» አለችኝ። በየአገሩ ፊልም በቤታቸው የሚያጥቡ ሰዎች ስልኩ ላይ ተሰብስበው ይጨቃጨቃሉ። ጭቅጭቃቸው ፊልም ምስሉን የሚያወጣው መድኃኒት ውስጥ ከመግባቱ በፊት በንጹሕ ውሃ ይነከር ወይስ አይነከር በሚል ነው። አንዱ የግድ ነው ይላል፤ ሌላው ጊዜ ማባከን ነው ይላል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ይሳደባል። «አንተስ ትነክራለህ?» አለችኝ። እነክራለሁ አልኋት። «ለምን?» ስትለኝ በጣቴ ወደ ጊደሯ አመለከትሁ። ታሪኩን ለገዛ ልጄ እንኳ ነግሬያት እንደማላውቅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሥራውን የተማርሁት ወረታ ገበያው አጠገብ ከነበረ ፎቶ ቤት ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ነበሩ። ጣናና ታንኳ የተሳለበት መጋረጃ ነበራቸው፤ ታንኳው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ከታንኳው ይበልጥ ነበር። መስታወቱ አጠገብ በክር የታሰረ ሚዶ፣ በሩ ኋላ ደግሞ ለሁሉም የሚያገለግል አንድ ኮት ተሰቅሎ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሜዳው ገበሬ ገበያ ሲወጣ፣ ያን ኮት የሚለብሰው ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ቀጭኑም ወፍራሙም ይለብሰዋል። የዚያ ዘመን የፎገራ ወንድ ፎቶ ሁሉ በአንድ ኮት ነው ብል ብዙም አላጋነንሁም። ያን ቤት አሁንም እወደዋለሁ፤ ቦታው ላይ ዛሬ የሩዝ መፈልፈያ ቆሟል፤ ባለፍሁ ቁጥር ከጩኸቱ በታች የሽማግሌውን ሳል የምሰማ ይመስለኛል።

ሽማግሌው ፊልሙን በጨለማ ጠቅልለው ክዳን ባለው ጥቁር ጣሳ ውስጥ ከከተቱ በኋላ፣ መድኃኒቱን ከማፍሰሳቸው በፊት ሁልጊዜ ንጹሕ ውሃ ይሞሉበት ነበር። «መጀመሪያ ውሃ ስጠው» ይሉኛል። ውሃው ጥቂት ቆይቶ ይደፋል፤ ከዚያ መድኃኒቱ ይገባል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ ደረቅ ፊልም ላይ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲፈስበት አረፋ ይለጠፍበታል አሉኝ። አረፋው በተለጠፈበት መድኃኒቱ አይደርስም። መድኃኒቱ ያልደረሰበት ቦታ ወረቀቱ ላይ ሲታተም ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

ባለ ቀለም ፎቶ መጥቶ ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ዳር ማሽን ሲሄድ ሽማግሌው ሱቃቸውን ዘጉ። ጣሳውንና ፎቶ የሚያትሙበትን ማጉያ ከእሳቸው ገዛሁ። ያን ጊዜ ወረታ መምህር ነበርሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ አነሣለሁ። ስልኩ ሁሉ ካሜራ አልሆነም ነበር። ፊልሙን የማጥበው ከቤቴ ጓሮ ባለችው መስኮት የሌላት ዕቃ ቤት፣ በሩን በጆንያ ደፍኜ ነው። ወጣትና ችኩል ነበርሁ፤ የፊልሙ ማሸጊያ ወረቀት ስለ መንከር አንድ ቃል አይልም፤ ፋብሪካው ያላዘዘውን እኔ ለምን እደክማለሁ አልሁና መንከሩን ተውሁት። ብዙው ፊልም ደህና ወጣ። አንዳንዴ እዚህም እዚያም ነጥብ ጣል ያደርጋል፤ ማን ያይብኛል ብዬ አልፈዋለሁ።

እናቴ የምትኖረው ሜዳው ላይ፣ ከጉማራ ወንዝ ብዙ ሳይርቅ ነበር። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ከሞቱ በኋላ የቀረቻት የእሳቸው ላም ናት፤ ላሟም አርጅታ አንዲት ጊደር ትታላት ሞተች። በአንድ ጥምቀት ሰሞን ወደ እሷ ወረድሁና «እማ፣ አንድ ፎቶ ላንሣሽ» አልኋት። «ያለ እሷ አልነሣም» ብላ ጊደሯን ጎትታ አመጣች። ጊደሯ መቆም እንቢ አለች። ሳነሣ አንዴ ጭራዋ ብቻ ወጣ፣ አንዴ አፍንጫዋ ብቻ ወጣ፣ አንዴ የእናቴ ግማሽ ወጣ። አንዲት ጊዜ ብቻ ሁለቱም ዝም ብለው ቆሙልኝ፤ ጊደሯ ጎኗን ሰጥታ፣ እናቴ አንገቷን አቅፋ። ፊልሙ ገና አላለቀም ነበርና ለሌላ ጊዜ ይሆናል ብዬ ለሠርግ በማልይዛት አሮጌ ካሜራዬ ውስጥ ተውሁት። ፊልም እንደ ልብ አይገኝም፤ ሳያልቅ የሚያጥብ ሰው አልነበረም።

ክረምት ሲገባ ሜዳው እንደ ልማዱ ውሃ ሆነ። ከብቱ ሁሉ ወደ ደጋው ጥግ ተነዳ፤ የእናቴን ጊደር ዘመዶቻችን ከመንጋቸው ጋር ወሰዱላት። ጉማራን ሲያሻግሩ ውሃው ድንገት መጣ፤ ከመንጋው ከፊሉን ጠረገው። ውሃው ሲጎድል የሌሎቹ ሬሳ እየተለቀመ ተገኘ፤ የእናቴ ጊደር ግን አልተገኘችም። «አልሞተችም» አለች እናቴ። እንባ አላወጣችም። ጎረቤት ሊያጽናናት ሲመጣ ትቆጣለች። ማሰሪያ ገመዷን ከግድግዳው ላይ አላወረደችም።

ሜዳው ደርቆ ከብቱ ወደ ሐይቁ ዳር ለግጦሽ ሲወርድ፣ እናቴ ከአንድ የደራ ሰው መንጋ መካከል አንዲት ቡሬ ጊደር አየች። አድጋለች፤ ቀንድ አውጥታለች። እናቴ ስትጠራት መጣች። አንገቷን አቅፋ፣ ጎኗን እየዳሰሰች አለቀሰች። «ጊደሬ ናት» አለች። ሰውዬው ደግሞ ከቤቱ ተወልዳ እንዳደገች ተናገረ። ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ።

ዋርካው ሥር ሽምግልናው ሲቀመጥ እኔም ከወረታ መጣሁ። ጊደሯ እዚያው ታስራ ትግጣለች። ሰውዬውን ሳየው አወቅሁት፤ ባለፈው ዓመት ሠርጉን ያነሣሁት ሰው ነው። የተከበረ፣ ቁም ነገረኛ ሰው ነበር። ግራ ቀኙ ከተሰማ በኋላ ተነሣና እንዲህ አለ።

«ምስክር አናብዛ፤ እርሳቸው የቄስ ምሽት ናቸው። እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው የእኔ ናት ብለው ይማሉና ይውሰዷት። እኔ ቅር አልሰኝም።»

ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። እናቴም ወዲያው «እምላለሁ» አለች። እኔ ግን ፈራሁ። አባቴ በሕይወት ሳሉ የድንበር ጠበኞች እንማል እያሉ ሲመጡ፣ እስቲ አድራችሁ ተመለሱ እያሉ ይመልሷቸው ነበር፤ መሐላ እሳት ነው የሚታያቸው። እናቴም የእሳቸው ሰው ናት። በሐሰት ምላ ኋላ ከምታውቀው፣ ጊደሯ ብትቀርባት ይሻላት ነበር።

ስንመለስ «እማ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አልኋት።

«አንተን እንደማውቅህ።» ጥቂት ሄደችና ደግሞ፣ «አድጋለች እንጅ» አለች። ይህች «እንጅ» እንቅልፍ ነሳችኝ።

በአሮጌዋ ካሜራ ውስጥ ያለው ፊልም ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። በማግሥቱ ሽማግሌዎቹና ሰውዬው ወዳሉበት ተመልሼ፣ የእናቴን ጊደር ሳትጠፋ ያነሣኋት ፎቶ አለ፣ አጥቤ አመጣዋለሁና አስተያይተን እንለይ አልኋቸው። ሰውዬው ሳቀ።

«መምህር ሆይ፣ ያንተን ፎቶማ አላምንም።»

«ለምን?»

«በሠርጌ ፎቶ የምሽቴ ጉንጭ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። እውነተኛዋ ጉንጯ ላይ ግን የለም። ሰው ሁሉ ማርያም የሳመቻት ነው ወይ ይለኛል። ማርያም አልሳመቻትም፤ የሳማት ያንተ መድኃኒት ነው። የሰው ጉንጭ ላይ ነጥብ ያበቀለ፣ ለጊደርማ ጭራም ይቀጥልላታል።»

ሽማግሌዎቹ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ተቃጠለ። ሰውዬው ግን በክፋት አልነበረም። «እኔ የማምነው የእናታችንን መሐላ ነው» ብሎ ጨረሰ።

ቅዳሜ ጧት እናቴን ይዣት ወረታ ገባሁ። ፎቶውን የፈለግሁት ለሽማግሌ ሳይሆን ለእሷ ነበር፤ አይታው ልቧ ከጸና ትማል፣ ካልጸና ትተው። ዕቃ ቤት ገብቼ በሩን ደፈንሁና ፊልሙን በጨለማ እየዳበስሁ ጠቅልዬ ጣሳው ውስጥ ከተትሁት። ብርሃን የማያስገባውን ክዳኑን ዘግቼ ወደ ጓሮው ወጣሁ፤ ውሃና መድኃኒቱ የሚገባው ክዳኑ ላይ ባለችው ትንሽ አፍ ነው። የተቀላቀለው መድኃኒት ጆግ ውስጥ ዝግጁ ነበር። ላፈስሰው ስል እጄን ያዝሁት። ጊደሯ ግማሽ ጎኗ ነጭ ነው። አንዲት አረፋ ነጩ ላይ ብትለጠፍ፣ ጊደሯ የሌላትን ነጥብ እሰጣታለሁ፤ እናቴ በዚያ ነጥብ ተነሥታ ትማላለች ወይም ትተዋለች። የማሸጊያው ወረቀት ስለ መሐላ የሚያውቀው ነገር የለም።

«እማ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘውን ውሃ አምጭልኝ» አልኋት።

ቀስ ብላ አፈሰሰች። ጣሳውን አገላበጥሁት፤ አረፋው እንዲለቅ በመዳፌ ቂጡን መታ መታ አደረግሁት። «ምን እያደረግህ ነው?» አለችኝ። እግዜር ያላደረገው ነጥብ ፎቶው ላይ እንዳይወጣ መጀመሪያ በውሃ እየነከርሁት ነው አልኋት፤ የአረፋውን ነገር አስረዳኋት። ገረማት፤ የገረማት ግን የእኔ ነገር ነው።

«ልብስስ ቢሆን ሳይዘፈዘፍ ይታጠባል? ይህን ለማወቅ መምህር መሆን ያስፈልግ ነበር?»

የመድኃኒቱን ጆግ ላነሣ ስል ጣሳውን ሰጠኋትና «ውሃውን ድፊው» አልኋት። በአፉ በኩል ደፋችው፤ ውሃው እንደ ቀለም ሰማያዊ ሆኖ ወረደ። ደንግጣ ልትለቀው ነበር። የፊልሙ ማቅለሚያ ነው፤ ውሃው ሁሉም ጋ ደርሷል ማለት ነው አልኋት። ጎንበስ ብላ መሬቱ ላይ የፈሰሰውን ሰማያዊ ውሃ አየችው። ከዚያ መድኃኒቱን ሞላሁ።

ፊልሙ ታጥቦ ለመድረቅ ሲሰቀል፣ እናቴ ወደ ብርሃኑ አድርጋ አየችው። ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ነው። «እኔ ምነው እንዲህ ሐዘን የለበስሁ መሰልሁ?» አለች። ወረቀቱ ላይ ሲታተም ይመለሳል አልኋት። «ጊደሬም ትመለሳለች?» አለችኝ እየሳቀች። ያ ሳቋ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ለማተም ብቻዬን ገባሁ። ቀይ መብራት አበራሁ፤ ወረቀቱን መድኃኒቱ ላይ አስተኛሁት። መጀመሪያ የእናቴ ነጠላ ጥላ መጣ፤ ከዚያ ቀንድ ያላወጣው የጊደሯ ግንባር፤ ከዚያ ጎኗ። ነጩ ጎኗ ላይ፣ ወደ ዳሌዋ ጠጋ ብሎ፣ አንድ ጥቁር ነጥብ ወጣ። አረፋ ነው አልሁ። ፊልሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ በማጉያው አየሁት፤ ሌላ የትም ነጥብ የለበትም። ጭራዋ ብቻ የወጣበትም፣ የእናቴ ግማሽ የወጣበትም ንጹሕ ነው። ውሃው ሥራውን ሠርቷል። ነጥቧ የጊደሯ ናት።

ዋርካው ሥር የታሰረችው ጊደር ጎን ግን ንጹሕ ነጭ ነው፤ አንድም ነጥብ የለበትም። እኔም አይቻታለሁ፣ ከሁሉ በላይ እናቴ በእጇ ዳስሳታለች። የገዛ ጊደሯን ነጥብ እንዴት ረሳችው ብላችሁ አትፍረዱባት፤ በየቀኑ የምናየውን ነገር ማናችን እናስተውለዋለን? እኔ የእናቴ የትኛው ጥርሷ እንደ ወለቀ ብትጠይቁኝ አላውቅም ነበር።

ፎቶውን እርጥቡን ይዤላት ወጣሁ። ጉልበቷ ላይ አድርጋ አየችው። ፈገግ አለች፤ ቀጥሎ ፈገግታዋ ቆመ። ጣቷን ነጥቧ ላይ አሳረፈች። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ጠረገችው፤ አልለቀቀም። እንደገና ጠረገችው። ያ ሁሉ ወር ያልወረደው ገመድ፣ ያ ሁሉ «አልሞተችም» ማለት፣ ፊቷ ላይ ሲፈርስ አየሁት፤ አልቻልሁም። 

«እማ» አልኋት፣ «ይቺ ነጥብ እኮ የመድኃኒቱ ልትሆን ትችላለች። እንደ ሙሽራዋ ነገር። አረፋ ይሆናል።»

ቀና ብላ አየችኝ። ሕፃን ሆኜ የዋሸሁ ዕለት የምታየኝ አስተያየት ነበር፤ ግን ቁጣ የለበትም።

«ልጄ፣ ውሃውን የደፋሁት እኔ አይደለሁ?»

 እሷ ፎቶውን ደረቷ ላይ አስጠግታ «እኔዋ ጉማራ ላይ ቀርታለች» አለችና ለጊደሯ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። አጠገቧ ተቀመጥሁ። ለጊደር ብቻ እንዳላለቀሰች አውቃለሁ፤ አባቴ በቤቷ የተዉት የመጨረሻው ነገር እሷ ነበረች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰውዬውና ሽማግሌዎቹ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁን። ሰውዬው የጊደሯን ገመድ ራሱ ይዞ ነበር፤ ሊያስረክብ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። እናቴ ፎቶውን ከነጠላዋ ሥር ይዛዋለች፤ ለማንም አላሳየችም። ሰውዬው ፊት ቆመችና «የእርስዎ ናት፤ ይቅር ይበሉኝ» አለችው። ሰውዬው ገመዱን ለቆ ወርዶ ጉልበቷን ሳመ። «እኔ እኮ ለእርስዎ እንድትሆን ቆርጬ ነበር» አላት። «አውቃለሁ» አለች።  ገመዱ መሬት ላይ ስለ ቀረ፣ ጎንበስ ብላ አንሥታ እጁ ላይ አኖረችለት።

ቤቷ ስንደርስ የጊደሯን ማሰሪያ ከግድግዳው አወረደችው። ፎቶውን በቦታው ሰቀለችው። እሷ ካረፈች በኋላ ወደ እኔ ቤት መጣ።

ዛሬ ያ ሜዳ በክረምት ሩዝ ነው፤ በበጋ ሽንኩርትና አትክልት። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ሰው በልቷል፣ ቤቱ ቆርቆሮ ሆኗል፤ አልከፋኝም። ግን በጥር ወር ከብቱ ወደ ሐይቁ ሲወርድ የነበረው ቡሬ መንጋ፣ አቧራው፣ የትኩስ ወተት ሽታው ይናፍቀኛል። እንዲያ ያለች ጊደር ባይ ምን ያህል ደስ ባለኝ! አሁንም ቢሆን አልፎ አልፎ ፊልም አገኛለሁ፣ ዕቃ ቤቷም አለች። ውሃውን አፈላለሁ፣ አቀዘቅዛለሁ፣ ጣሳውን እሞላለሁ፤ ሰማያዊው ውሃ ሲወርድ ሁልጊዜ አንድ ሰው አጠገቤ ጎንበስ ያለ ይመስለኛል።

ልጄ ይህን ስነግራት ስልኳን አስቀምጣ ፎቶው ሥር ሄዳ ቆመች። ቀረብ ብላ አየችና የጊደሯ ጎን ላይ ያለችውን ነጥብ በጣቷ ልትነካ እጇን ዘረጋች። እንግዶቼም እንዲሁ ናቸው፤ ዝንብ የነካው መስሏቸው ሊጠርጉት ይሞክራሉ። ተዉአት እላቸዋለሁ፤ የራሷ ናት።